«ዛሬ አልነካዎትም» ላለችኝ ልጅ

እንዴት ከረማችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ ሰዎች። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ ሥራ እየያዘኝ ነው እንጂ። ላመሰግናት የምፈልግ አንዲት የሕንድ የራስ ማሳጅ የምትሠራ ልጅ አለች። እናንተም እንድታውቋት እፈልጋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። 22 ዓመት አንገቴን ደፍቼ ስንጀር ላይ ኖሬያለሁ። ዒድ ሲቃረብማ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው፤ የሰው ልጅ አዲስ ልብስ ሳይለብስ እንዳይውል ስል ቀና ሳልል አነጋለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ታዲያ ራሴን ያመኝ ጀመር። ሕመሙ ከማጅራቴ ይነሳል፤ በጆሮ ግንዴ ያልፍና ግንባሬን እንደ መቀነት ጥብቅ አድርጎ ያስረኛል። ማታ ማታ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅተኝ ነበር።

ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጋ ሄድኩ፤ «አንገትሽ ዞሯል» አለኝ። አገጬንና ማጅራቴን ያዘና ሳይነግረኝ ጠመዘዘው። ቋ! አለ። ዓይኔ ጨለመብኝ። ለዘጠኝ ቀን ሰው ከኋላ ሲጠራኝ መላ ሰውነቴን ነበር የማዞረው። አንገት እንዲህ በኃይል ሲጠመዘዝ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ሊጎዳ እንደሚችል ያወቅኩት ኋላ ነው። ስሰማ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። አራት ልጆች አሉኝ እኮ!

ሌላ ቦታ ደግሞ ሦስት ጠርሙስ ቅባት ሸጡልኝ። «ይሄን ከተቀባሽ ኪኒን የሚባል ነገር አያስፈልግሽም» አሉኝ። ራሴ ተላጠ፤ ውሃ ቋጠረ። ተመልሼ ሳሳያቸው «በሽታው እየወጣልሽ ነው፣ ጨምሪበት» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሻሽ ማሰር አልቻልኩም። ገንዘቡ ይቅር። የታመመ ሰው ሲያዩ የሚታያቸው ገበያ መሆኑ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

የእህቴ ልጅ ናት ስለዚች ልጅ የነገረችኝ። ፒያሳ አካባቢ ከአንድ የሴቶች ውበት ሳሎን ጀርባ ትንሽ ክፍል አላት፤ የሕንድ የራስ ማሳጅ ትሠራለች አለችኝ። ሁለተኛ ራሴን ሰው አይነካኝም ብዬ ነበር። ሕመሙ ሲብስብኝ ግን ሄድኩ።

ክፍሏ መጋረጃ አላት። ሴት ብቻ ነው የሚገባው፤ ሻሼን ሳወልቅ አልተሳቀቅኩም። አልጋ የለም፣ ወንበር ነው ያለው። ተቀመጥኩ። ልጅቷ ግን አልነካችኝም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ወድቀው ያውቃሉ? ትኩሳት አለዎት? ራስዎ ላይ ቁስል፣ ፎረፎር፣ የሚያሳክክ ነገር? በቅርብ ኦፕራሲዮን ሆነዋል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? የሚጥል በሽታስ? እጅዎ ይደነዝዛል? ዓይንዎ ይደበዝዛል? ያ አንገቴን የጠመዘዘው ሰው አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም ነበር፤ ስሜን እንኳ!

ከዚያ የግፊት መለኪያ ክንዴ ላይ አሰረች። ለካችና ዝም አለች። ትንሽ አሳርፋኝ በሌላው ክንዴ ደገመችው። 180 በ110።

«እትዬ፣ አብሽሩ» አለችኝ። «ግን ዛሬ አልነካዎትም።»

«ምነው ልጄ? ገንዘብ ይዣለሁ» አልኳት።

«የገንዘብ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። እኔ ከሐኪም በኋላ ነኝ።»

ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ክፍሏን ቆልፋ ባጃጅ ድረስ ሸኘችኝ። አንድ ብር አልተቀበለችኝም። ማታ ደግሞ ደወለች፤ «እትዬ፣ ምን አሉዎት?» ብላ። እኔ እኮ ለዚች ልጅ ምኗም አይደለሁም። የቤት ኪራይ የምትከፍል፣ በራሷ እጅ የምታድር ልጅ ናት። እጇ ሊገባ የነበረውን ገንዘብ መለሰችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። አላህ ጀዛዋን ይክፈላት።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊት እንዳለብኝ ያወቅኩት ያኔ ነው። ግፊት እኮ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ ተሸክሜው ስዞር ነበር ለካ። ኪኒን ጀመርኩ፤ ጨው ቀነስኩ። የአንገቴ ሕመም ደግሞ ከማቀርቀር የመጣ ነው አሉኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግፊቴ ወረደ። ቀለል ያለ ማሳጅ ልሠራ ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ይቻላል አለኝ። ይህንን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ልጅቷ ስታየኝ ፊቷ ፈካ። ያን ቀንም ቢሆን እንደገና ለካችኝ።

ከቀጠሮዬ በፊት ባለው ቀን የሰሊጥ ዘይት ጠብታ ክንዴ መታጠፊያ ላይ ቀብታኝ ነበር። እስከ ነገ ቢያሳክክዎት ወይም ቢቀላ ይንገሩኝ፣ ያኔ ያለ ዘይት እንሠራለን አለችኝ። ያ የላጠኝ ቅባት ትዝ አለኝ። አንድ ጠብታ ቀድመው ቢሞክሩልኝ ኖሮ!

ማሳጁን እንዴት ልንገራችሁ። ልብሴን ለብሼ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ከትከሻዬ ጀመረች። የታሰረችውን ቦታ በአውራ ጣቷ አገኘቻት፤ ቀስ አድርጋ ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። «በዛ? ልቀንስ?» ትለኛለች በየመሃሉ። ከዚያ ማጅራቴን፣ ከዚያ ራሴን በጣቶቿ ጫፍ፣ ልክ ፀጉር እንደሚታጠብ። አንገቴን አልጠመዘዘችም። አንድም ጊዜ! እሷ አንገት የሚባል ነገር አታንቋቋም።

ለብ ያለው ዘይት ራሴን ሲነካኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ ቤታችን ደጃፍ ፀሐይ ላይ በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ ለጋ ቅቤ ትቀባኝ ነበር። ቅቤው ቀልጦ በግንባሬ ሲወርድ በመዳፏ ትጠርግልኛለች። እናቴ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። አለቀስኩ። ልጅቷ ምን ሆኑ አላለችኝም። እጆቿን ሳታነሳ ራሴ ላይ ዝም ብላ አሳረፈቻቸው፤ እስኪወጣልኝ ድረስ ጠበቀችኝ።

በሌላ ጊዜ ስናወራ ሕንድም እንዲሁ ነው አለችኝ። እናቶች የልጆቻቸውን ራስ በዘይት ያሻሉ፤ ፀጉር ቆራጮችም ደንበኞቻቸውን ያሻሉ። ስሙ ቻምፒ ነው። ሻምፑ የምንለው ቃል የመጣውም ከዚያው ነው፤ በሕንድኛ መጫን፣ ማሸት ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለንደን የሄደ ናሬንድራ ሜህታ የሚባል ዓይነ ስውር ሕንዳዊ ኋላ ላይ ትከሻና አንገትን ጨምሮ ለእንግሊዞች ማስተማር እንደጀመረም ነገረችኝ። ዓይን ሳይኖረው በጣቱ እያየ። ደስ ይላል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ማሳጁ ግፊቴን አላዳነኝም። ግፊቴን የያዘልኝ ኪኒኑ ነው፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ። ይህንን ደጋግማ የነገረችኝ ራሷ ናት። ፀጉር ያበቅላል ወይ ብላ አንዷ ስትጠይቃት «አያበቅልም እህቴ» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ያገኘሁት እንቅልፍ ነው። ትከሻዬ ወርዷል። ያ እንደ መቀነት የሚያስረኝ ሕመም በየቀኑ መምጣቱን ትቷል፤ ሲመጣም ቶሎ ይለቀኛል። በየግማሽ ሰዓቱ ከስንጀሬ ቀና እንድልም መክራኛለች። ልጄ የማሽኑን ጠረጴዛ በሳንቃ ከፍ አድርጎልኛል፤ እሱም ረድቶኛል።

ከማሳጅ በኋላ ውሃ ታጠጣለች፤ ትንሽ ሳትቀመጡ አትለቃችሁም። እኔ አንድ ቀን ብድግ ስል ዞረብኝና የያዘችኝ እሷ ናት። ትኩሳት ያለበትን፣ ራሱ ላይ ቁስል ያለበትን፣ በቅርቡ ራሱን ወይም አንገቱን የተመታን ሰው አትነካም። ደግሞ ስሙኝ፦ ድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ ራስ ምታት ከመጣባችሁ፣ ትኩሳት ኖሮ አንገታችሁ ከደረቀ፣ አንድ ጎናችሁ ከዛለ ወይም አፋችሁ ከተሳሰረ ወደ እሷም አትሂዱ። ቀጥታ ሆስፒታል! ይህንንም ያስተማረችኝ እሷ ናት።

እህቶቼ፣ ቀኑን ሙሉ ለምታቀረቅሩ ሁሉ ነው የምጽፈው፤ ለሰፊዎች፣ ለመምህራን፣ ኮምፒውተር ላይ ለምትውሉ። ሂዱላት። ዋጋዋ እኔ ለአንድ ቀሚስ ከማስከፍለው ያነሰ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ዓይን አፋር ናት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ራሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን ጽፋችሁ ያዙ፤ መጠየቋ አይቀርም። ፀጉራችሁ ዘይት ስለሚነካው መመለሻ ሻሽም አትርሱ።

እኔ ሐሙስ ከሰዓት እዚያው ነኝ። እህቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ እሷም ግፊቷን ተለክታ አታውቅም።