ሁለት ጊዜ «አይሆንም» ላሉን የርችት ባለሙያዎች የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ወር ባዘጋጀነው የምሽት ዝግጅት መዝጊያ ላይ ለ9 ደቂቃ የታየውን ርችት የተመለከቱ ብዙ እንግዶች ሠሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዱ በግል ከመመለስ ይልቅ በዚህ ጽሑፍ ላመሰግናቸውና ልጠቁማቸው የመረጥኩት፣ እንግዶቹ ያዩት ከሥራው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ ነው። እኔ በአስተባባሪነቴ ቦታው ከተለካበት ቀን ጀምሮ እስከ ማግስቱ ፍተሻ ድረስ አጠገባቸው ነበርኩ። የቡድኑ መሪ ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሳ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም።

በመጀመሪያው ቀጠሯችን፣ በአዳራሹ ውስጥ ንግግሩ ሲጀመር ከመድረኩ ግራና ቀኝ ብልጭታ የሚረጭ ርችት እንዲተከል ጠይቄ ነበር። መሪው ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ለድምፅ ማፈኛ የተለጠፈውን ስፖንጅ በጣታቸው አሳዩኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በአንድ የምሽት ክበብ 100 ሰዎች፣ በ2013 ደግሞ በብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ 242 ሰዎች የሞቱት፣ ቤት ውስጥ የተለኮሰ ርችት እንዲህ ያለውን ስፖንጅ በማቀጣጠሉ እንደሆነም ነገሩኝ። ጥያቄዬን አልደገምኩትም።

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን ተከራክሬያለሁ። ከሩቅ የሚታይ ነገር ፈልጌ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው የርችት ኳሶች እንዲተኮሱ ጠየቅሁ። እርሳቸው የሚመሩበት ልክ፣ በአሜሪካ የሚሠራበት የርችት ትዕይንት ደረጃ እንዳስቀመጠው፣ ለእያንዳንዱ ኢንች የኳስ ስፋት 70 ጫማ ወይም 21 ሜትር ያህል ርቀት በመተኮሻውና በተመልካቹ መካከል እንዲኖር ያዛል። በዚህ ስሌት እኔ የፈለግኋቸው ኳሶች 128 ሜትር ያህል ይጠይቃሉ፤ የእኛ ሜዳ ግን በሜትር ሲለካ ከ90 ብዙም አላለፈም። እኔ በእርምጃ ቆጥሬ 130 ነው ብዬ ነበር (እርምጃዬ ይህን ያህል አጭር መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው)። ከ100 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ኳስ ወደ ሜዳው እንዳይገባ ወስነው ዕቅዱን እንደ አዲስ ሠሩት።

የርችቱ ቅድመ ዝግጅት በቦታው ላይ ሁለት ሙሉ ቀን ወሰደ፤ አብዛኛውም ሸክምና ቆጠራ ነበር። የመተኮሻ ቱቦዎቹን ውስጥ አንድ በአንድ በባትሪ እየተመለከቱ ስንጥቅ ይፈልጋሉ፤ መደርደሪያዎቹን በእንጨት እርስ በርስ ያያይዛሉ፤ ከተመልካቹ በተቃራኒ ጥቂት እንዲያዘነብሉም ያደርጋሉ። የብረት ቱቦ ለምን እንደማይጠቀሙ ስጠይቅ፣ ኳሱ ሳይወጣ ውስጡ ቢፈነዳ ብረት ተሰባብሮ እንደ ጥይት ሊበተን እንደሚችል፣ እነርሱ የያዙት ወፍራም ፕላስቲክ ግን ከመሰባበር ይልቅ እንደሚቀደድ አስረዱኝ። መደርደሪያው በደንብ ካልታሰረ ደግሞ አንድ እንዲህ ያለ ፍንዳታ የቀሩትን ቱቦዎች ወደ ሕዝቡ ሊያጋድላቸው ይችላል።

ከዚያ የሽቦው ሥራ ተጀመረ። 240 ኳሶች ነበሩ፤ ለእያንዳንዳቸውም አንድ የኤሌክትሪክ ክብሪት ተዘጋጅቷል። በየሽቦው ላይ ቁጥር ይለጠፋል፣ ቁጥሩ ከቱቦው ጋር ይመሳከራል፣ ሽቦው ወደ ማገናኛ ሳጥኑ ገብቶ በወረቀት ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ጮክ ብሎ ይደግማል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ወጣት 117ን 171 ብሎ በማንበቡ ያ መደርደሪያ ከመጀመሪያው ሽቦ ጀምሮ እንደገና ተቆጠረ። የተቆጣም የተበሳጨም አላየሁም፤ እኔ ብሆን ቁጥሩን ብቻ አርሜ አልፍ ነበር። የመስመሮቹ ፍተሻ የሚደረገው ክብሪቱን ለመለኮስ ከሚበቃው እጅግ ባነሰ የኤሌክትሪክ ፍሰት ቢሆንም፣ ሰው ሁሉ ከሜዳው ሳይወጣ አይጀመርም። ሦስት መስመሮች ምላሽ ስላልሰጡ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ በየመመላለሱም የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ቁልፍ ተነቅሎ በመሪው ኪስ ውስጥ ይገባ ነበር።

ክብሪቶቹ በሰበቃ፣ በምት ወይም ከልብስ በሚነሳ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሊለኮሱ ስለሚችሉ ሁሉም የጥጥ ልብስ ይለብሳሉ፣ ስልካቸውንም ከክልሉ ውጭ ይተዋሉ። የእኔ ስልክ ክልሉ ውስጥ ሳለሁ በመጮኹ ከቡድኑ በዕድሜ ትንሹ በትሕትና ግን ያለ ምንም ድርድር አስወጥቶኛል። ኳስ በገባበት ቱቦ አፍ ላይ ራሱን ይቅርና እጁን እንኳ የሚያሳልፍ ሰው አልነበረም።

ስለ ትዕይንቱ ብዙ አልልም፤ ያየው አይቶታል። 6ኛው ደቂቃ ላይ ሰማዩ ለአፍታ የጨለመው ግን ብልሽት ኖሮ አልነበረም። ነፋሱ ወደ ተመልካቹ ዞሮ የጋለ ፍርስራሽ መንዳት ስለጀመረ መሪው 20 ኳሶች የያዘውን መደርደሪያ ዘለሉት። ይህ ውሳኔ ለእነርሱ ቀላል አልነበረም፤ ያልተተኮሱትን ኳሶች በሌሊት አንድ በአንድ ከሽቦ አላቅቆ ማውጣት ራሱ አደገኛ ሥራ ነው።

የመጨረሻው ብርሃን ከጠፋ በኋላ ለ15 ደቂቃ ማንም ወደ ሜዳው አልገባም። ከዚያ መሪው ብቻቸውን ገብተው፣ ክብሪቱ ነዶ ኳሱ ሳይወጣ የቀረበትን አንድ ቱቦ አግኝተው በውኃ ሞሉት። ሰማዩን እንዲከታተል የተመደበው ረዳት ደግሞ አንድ ኳስ ወጥቶ ሳይፈነዳ መውደቁን አስተውሎ አቅጣጫውን መዝግቦ ነበር። ንጋት ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው ሣሩን በእግራቸው እየገለጡ ሁለት ሰዓት ያህል ፈለጉ፤ ቡጢ የሚያህለውን ኳስ ያገኙት በዚያው ቀን ልጆች ሊጫወቱበት በነበረው ጥግ ነው።

ቅር ያሰኘኝን አልደብቅም። ለመልእክት ቶሎ አይመልሱም፤ ስንት መኪና እንደሚያስገቡም የነገሩን ዘግይተው ነው። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ከዚህ በቀር ግን ርችት ላሰበ ሁሉ ያለ ምንም ማመንታት እጠቁማቸዋለሁ። አድራሻቸውን የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ፤ የሜዳውን ስፋት ግን በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ለክቶ ይያዝ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው።