ሐዋሳ ላይ ለልጅ መነጽር የምትገዙ ወላጆች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰላም፣ የሐዋሳ ወላጆች። ይህን የምጽፈው የማንንም ስም ለማጥፋት አይደለም፤ የሱቁንም ስም አልጠራም። የምጽፈው የአምስት ዓመት ልጄ ሦስት ወር ሙሉ የተሳሳተ መነጽር አድርጋ ስለከረመች ነው። እኛ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ የተቆጣነው እሷን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ሲዞር አየን። በተለይ ሲደክማት፣ ወይም ስዕል ለመቀባት አንገቷን ስትደፋ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ጠብታ ጨመሩላት፣ ጠበቅን፣ ከዚያ ለኳት። የሚያስፈልጋት የሌንስ ቁጥር ለግራዋ ፕላስ 5፣ ለቀኟ ፕላስ 2.50 ሆነ። ሐኪሟ ሳትደብቅ ነገረችን። ደካማው ዓይን ጥርት ያለ ምስል ካላገኘ አእምሮ እየተወው ይሄዳል፤ ሰነፍ ዓይን የሚባለው እሱ ነው። ልጅቷ ሰባት ስምንት ዓመት ሳይሞላት ካልተያዘ ማስተካከሉ እየከበደ ይመጣል። ስለዚህ መነጽሩን ከእንቅልፏ ስትነቃ አድርጋ፣ ልትተኛ ስትል ብቻ እንድታወልቅ አዘዘችን።

ማዘዣውን ይዘን ፒያሳ አካባቢ አንድ መነጽር ቤት ገባን። ሻጩ በጣም ተግባቢ ነው። ለልጄ «ሚጣዬ» እያለ ሮዝ ፍሬም አወጣላት። እሷም ወደደችው። «ሰፋ አይልባትም?» ስለው፣ «እናቴ፣ ልጅ አይደለች እንዴ? ታድግበታለች» አለኝ። ጫማ ስገዛላት እኔም እንደዚያ ስለማስብ ነገሩ ልክ መሰለኝ። ቀጥሎ «ኦሪጅናል ነው፣ አይሰበርም» አለ። ከዚያ «የዛሬ ልጆች ከስልክ አይለዩም፣ ብሉ ካት ይደረግበት» ብሎ፣ የስክሪንን ሰማያዊ ብርሃን ይቀንሳል ለሚባለው ሽፋን 1,500 ብር ጨመረ። በጠቅላላው 7,800 ብር ከፈልን። የሰጠን ወረቀት ስልክ ቁጥርና ዋጋ ብቻ የተጻፈበት ካርድ ነው። የሌንሱ ዓይነት የለም፣ ቁጥሩ የለም፣ ቀን እንኳ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይባባል። መነጽሩ አፍንጫዋ ላይ አይቆምም። በጣቷ ትገፋዋለች፣ ይወርዳል። ከላይ አሻግራ ነው የምታየው። ትራስ ሥር ትደብቀዋለች። አንድ ቀን ጫማዋ ውስጥ አገኘሁት። መምህሯ «ክፍል ውስጥ ታወልቀዋለች» ስትለን ማባበል ጀመርን፣ ከረሜላ ገዛን፣ ከዚያ ተቆጣን። አባቷ ጮኾባት ጮኾባት በኋላ ራሱ ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። እሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እማዬ፣ ያዞረኛል።» እኛ ሰበብ መሰለን።

አንድ ቅዳሜ አቶቴ ጋ ከባጃጅ ስትወርድ መነጽሩ ተንሸራቶ ኮብልስቶኑ ላይ ወደቀ። አንዱ እጁ ከማጠፊያው ተገነጠለ። «አይሰበርም» የተባለው ሌንስ ጠርዙ ተሸርፎ እስከ መሀሉ ተሰነጠቀ። ለማሠራት ሌላ ቦታ፣ አንድ የመነጽር ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። የሌንስ ቁጥር በሚያነበው ማሽን ላይ አስቀመጠው። ዝም አለ። ደግሞ አስቀመጠው። «ማዘዣው አለሽ እህቴ?» አለኝ። ሰጠሁት። ቀኙና ግራው ተገላብጧል። ፕላስ 5 የታዘዘላት ዓይን ላይ 2.50 ተገጥሟል፣ 2.50 የሚበቃው ላይ ደግሞ 5።

በዚህም አላበቃም። በሁለቱ ብሌኖቿ መካከል ያለው ርቀት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ፒዲ ይሉታል። የሌንሶቹ መሀል ግን በ58 ነው የተሠራው። ያ ሻጭ ርቀቱን ጭራሽ አልለካም። ቁጥሩ እንዲህ ከፍ ሲል የሌንሱ መሀል ከብሌን ፊት ለፊት ካልሆነ ዓይን ይጎተታል፣ ይደክማል። ልጄ ያዞረኛል ያለችው እውነቷን ነበር። ሌንሱም ተራ ፕላስቲክ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ራሴ ሞከርኩት። የፊደል ገበታዋን አልጋ ላይ ዘረጋሁ። መነጽሩን ልክ እንደሚደረገው ይዤ፣ ከገበታው አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ «ሀ»ን አየሁት። በቀኙ በኩል «ሀ» ትልቅ ሆነች። በግራው ከፍ ያለችው ትንሽ ብቻ ነው። ማዘዣው እንደሚለው ከሆነ መሆን የነበረበት በተቃራኒው ነው። ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም ነበር። የመጀመሪያው ቀን አድርጌው ቢሆን ኖሮ!

ስለዚህ እባካችሁ ይህን ሞክሩ። ፕላስ ሌንስ ፊደልን ያተልቃል፣ ማይነስ ያሳንሳል። ቁጥሩ ሲጨምር ለውጡም ይጨምራል። ሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ቁጥር ካላቸው ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ቁጥሩ ተቀራራቢ ከሆነ ወይም ሲሊንደር (ለአስቲግማቲዝም የሚታዘዘው ተጨማሪ ቁጥር) ካለበት ግን በዓይን አይለይም፤ ያዘዘው ክሊኒክ መልሳችሁ ውሰዱና በማሽን ይነበብላችሁ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ፍሬም። «ታድግበታለች» የሚለውን አትስሙ። መነጽር ጫማ አይደለም። የዛሬ ፊቷ ላይ ልክ መሆን አለበት፣ ስታድግ ይቀየራል። አንገቷን ደፍታ ወለል እንድታይ፣ ከዚያ እንድትዘል አድርጓት። ከወረደ አትግዙ። የትንሽ ልጅ አፍንጫ ገና ዝርግ ስለሆነ አፍንጫው ላይ በሰፊው የሚያርፍ ለስላሳ ፍሬም ይሻላል። እጁ ወደ ውጪ ሲከፈት የሚለጠጥ፣ ስፕሪንግ ያለው ማጠፊያ ምረጡ። ልጆች በአንድ እጅ ጎትተው ነው የሚያወልቁት፣ ተራው ማጠፊያ ቶሎ ይገነጠላል። ለሕፃናት ደግሞ ጭራሽ ብሎን የሌለው፣ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍና ከኋላ ማሰሪያ ያለው አለ። ብራንድ የሚል ጽሑፍ ከዚህ አንዱንም አይተካም።

ስለ ሌንስ። ለልጅ የሚመከረው ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ቀላል ነው፣ ሲመታ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ የፀሐይን ጎጂ ጨረርም ያግዳል። ነገር ግን ቶሎ ይጫራል፣ ስለዚህ መጫርን የሚከላከል ሽፋን ያለው መሆኑን ጠይቁ። «አይሰበርምም አይጫርምም» የሚላችሁ ሰው እየዋሻችሁ ነው። በዓይን አይቶ ፖሊካርቦኔት ነው አይደለም ማለት ይከብዳል። ደረሰኙ ላይ አስጽፉት፤ ሐቀኛ ሻጭ ለመጻፍ አያመነታም። ብሉ ካቱን ተዉት። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ እንኳ ለስክሪን ተብሎ የሚሸጠውን አይመክርም። በዚያ 1,500 ብር የተሻለ ሌንስ ይገዛ ነበር።

ነፃ የኮምፒውተር ምርመራ የሚባለውንም ለልጅ ተጠንቀቁ። ዓይን በቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ እንዲያይ የሚያደርገው ጡንቻ በልጅ ላይ ጠንካራ ነው፣ ልጅ ማሽኑ ላይ ሲያይ ሳያውቀው ያንን ጡንቻ አጥብቆ ቁጥሩን ያዛባዋል። ጠብታው የሚደረገው ያንን ጡንቻ ለማሳረፍ ነው። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ያለ ጠብታ በሌለው ምርመራ ማይነስ መነጽር ተሸጦለት ነበር። በጠብታ ሲታይ መነጽር የሚያስፈልገው ልጅ አልነበረም።

አሁን ልጄ ያደረገችው ያ ማሰሪያ ያለው፣ ብሎን የሌለው ትንሽ ፍሬም ነው። ሌንሱ ፖሊካርቦኔት፣ ርቀቱ በሷ የተለካ። 3,900 ብር፣ የመጀመሪያው ግማሽ። ሁለት ጊዜ ከእጇ ወድቋል፣ ምንም አልሆነም። ባለፈው እሑድ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስደናት አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ከሩቅ አይታ «እማዬ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት አለው!» ብላ ጮኸች። ስንት ጊዜ ወስደናት ነበር፤ ያንን ከረጢት አይታው አታውቅም።

ገንዘቤን ለማስመለስ ሄጄ ነበር። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት አሳዩኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ገዢ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እኔ ሳውቅ ሦስት ወር አልፎ ነበር። ትክክለኛ ደረሰኝም የለኝም። እናንተ ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ፣ 15 ቀኑንም ቁጠሩ።

ቤታችሁ መነጽር ያደረገ ልጅ ካለ፣ በተለይ «አላደርግም» እያለ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ከመቆጣታችሁ በፊት ማዘዣውን አውጡና መነጽሩን ፊደል ገበታ ላይ ይዛችሁ እዩት።