በአዘዞ የተሠራልን የቧንቧ ሥራና የቅሬታችን አፈታት
ጎንደር፣ አዘዞ ለሚገኘው ቤታችን የውኃ መስመር የዘረጋልን ሥራ ተቋራጭ ሥራውን አስረክቦ ብዙም ሳይቆይ፣ ከሮቶው የሚወርደው ውኃ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ማራስ ጀመረ። ግድግዳው ሲፈለፈል፣ በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሊበየዱ ይገባቸው የነበሩት የፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ ዓይነት) መገጣጠሚያዎች በእጅ ሲሳቡ ተላቀቁ፤ መስመሩ በግፊት ተፈትሾ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ሴራሚኩ ሳይለጠፍ በታወቀ ነበር። ቅሬታችንን ከፎቶግራፍ ጋር በጽሑፍ አቅርበን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩን ለሥራው ጥራት ለ10 ዓመት ዋስ እንደሚያደርገው ስናስታውሰው፣ መጀመሪያ ጥፋቱን በውኃው ኃይል ቢያሳብብም፣ በኋላ መስመሩን በራሱ ወጪ ቀይሮ በፊታችን ፈተሸው። ጥገናው በእውነት ጥሩ ነው፤ የተሰበረውን ሴራሚክ ዋጋ አለመተካቱ ግን ፈጽሞ ተገቢ አይደለም። እርሱን የምታሠሩ ሁሉ፣ የመጨረሻው ክፍያ ከግፊት ፍተሻ በኋላ እንዲፈጸም በውሉ ላይ አስፍሩ።