ሳን ፍራንሲስኮ ወይስ ሲያትል? ለዲዛይን ባለሙያ የደመወዝና የኑሮ ወጪ ንጽጽር

ሳን ፍራንሲስኮ ያለችባት ካሊፎርኒያም ሆነች ሲያትል ያለችባት ዋሽንግተን ግዛት ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ቀጣሪዎች የደመወዙን መነሻና ጣሪያ በሥራ ማስታወቂያ ላይ እንዲጽፉ ስለሚያስገድዱ፣ የፕሮዳክት ዲዛይነር (የመተግበሪያዎችንና የድረ ገጾችን አሠራርና ገጽታ የሚነድፍ ባለሙያ) ደመወዝ በሁለቱ ከተሞች ስንት እንደሆነ ከሰው ወሬ መለቃቀም አያስፈልግም። አስቸጋሪው ከተቆራጩ በኋላ የሚተርፈውን ማወቅ ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. ተመን፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በዓመት 120 ሺህ ዶላር የሚከፈለው ያላገባ ባለሙያ ከፌዴራል ግብሩ ሌላ 7 ሺህ ዶላር ገደማ ለካሊፎርኒያ የገቢ ግብር ይከፍላል፤ ለግዛቷ የአካል ጉዳት መድንም 1.1 በመቶ ይቆረጥበታል። ዋሽንግተን በአንጻሩ ከደመወዝ የግዛት ገቢ ግብር አትወስድም፤ ለረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን እንዲሁም ለሕመምና ለወሊድ ፈቃድ የምትቆርጠው ተደምሮ 1 በመቶ ገደማ ነው። በእኔ ስሌት የሳን ፍራንሲስኮው 120 ሺህ እጅ ሲገባ ከሲያትሉ 110 ሺህ ብዙም አይለይም።

ይህ ሁሉ ኪራይ ሳይነሣ ነው። አዲስ ለሚከራይ ሰው የሳን ፍራንሲስኮ ኪራይ ከሲያትል ስለሚበልጥ፣ 10 ሺህ ዶላር ብቻ የሚበልጥ ደመወዝ ልዩነቱን አይሸፍንም። ሆኖም ከሰኔ 1979 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ አብዛኞቹ የሳን ፍራንሲስኮ አፓርታማዎች ዓመታዊው ጭማሪ በከተማው ሕግ የተገደበ በመሆኑ፣ በአንድ ቤት ረጅም ዓመት ለሚቆይ ሰው ክፍተቱ እየጠበበ ሊሄድ ይችላል። የሽያጭ ግብሩ በሲያትል ከ10 በመቶ ይበልጣል፣ በሳን ፍራንሲስኮ 8.625 በመቶ ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር የሚገዛ ያስተውለዋል እንጂ ሚዛኑን አይለውጥም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የሥራ ውሉን ነው። ካሊፎርኒያ ሠራተኛ ለቆ ወደ ተፎካካሪ ድርጅት እንዳይሄድ የሚከለክልን የውል አንቀጽ ዋጋ አትሰጠውም። ዋሽንግተን ግን በ2024 እ.ኤ.አ. ከ120,560 ዶላር በላይ በሚከፈላቸው ሠራተኞች ላይ እንዲጸና ትፈቅድ ነበር፤ 120 ሺህ የሚያገኘው ነጻ ሲሆን፣ ትንሽ ጭማሪ ያገኘው ባልደረባው ሊታሰር ይችል ነበር ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ ድርጅት እየቀየረ ደመወዙን ለሚያሳድግ ዲዛይነር ሳን ፍራንሲስኮን እመርጥለታለሁ። በአንድ ትልቅ ድርጅት ተረጋግቶ ገንዘብ ማጠራቀም ለሚፈልግ ግን፣ ደመወዙ በ8 በመቶ ቢያንስ እንኳ፣ ሲያትል ይሻለዋል።