ባሕር ዳር ላይ ቸርኬ ያሳጠብኩባቸው ሁለት ቤቶች

ከስምንት ዓመት በኋላ ነው አገር ቤት የገባሁት። ስለ ሆቴሉና ስለ ጣና ዓሣ ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ፤ እኔ ስለ ላቫጆ ነው የምጽፈው። የአጎቴ ልጅ ኮሮላውን አምኖ ሰጠኝ። መኪናዋ አርጅታለች፤ አሉሚኒየም ቸርኬዋን፣ ጎማው የሚገጠምበትን ክቡን ብረት ማለቴ ነው፣ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት።

ጎንደር ደርሰን ተመለስን። መንገዱ አንድ ጉዞ ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን መርገጥ ነው ሥራው። ስንገባ የፊቶቹ ቸርኬዎች ጥላሸት መስለዋል። ጭቃ እንዳይመስላችሁ፤ ፍሬን ሲያዝ ከፍሬን ሸራውና ሸራው ከሚጨብጠው ዲስክ የሚፋቅ ብናኝ ነው። ብረት አለበት፣ በትኩሱ ይለጠፋል፣ ውሃ ሲነካው ይዝጋል፣ ከቆየ ደግሞ አይለቅም።

የመጀመሪያው ቤት ትልቅ ነው፤ ወንበር አለው፣ ቡና አለው። ልጁ ቸርኬው ገና እንደጋለ ከሃይላንድ ፕላስቲክ የሆነ ነገር አፈሰሰበት። ቸስ አለ፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ምንድን ነው ብለው «አያስቡ ጋሼ፣ አሁን እንደ መስታወት ነው የሚያበራው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አበራ። በሦስተኛው ቀን ግን ነጫጭ ዥንጉርጉር አወጣ። ለካ አሲድ ኖሯል። አሲድ ቆሻሻውን መርጦ አይበላም፤ ከላይ ያለውን ቫርኒሽ አንስቶ አሉሚኒየሙ ድረስ ይገባል፣ በጋለ ብረት ላይ ደግሞ ይብሳል። ሄጄ ስናገር ኃላፊው «ድሮም እንዲህ ነበር» አለኝ። ጎንደር ላይ የተነሳነው ፎቶ ባይኖር ኖሮ እኔም ራሴን እጠራጠር ነበር!

ሁለተኛው አንድ ጎሚስታ አጠገብ፣ ዘንባባ ሥር ነው። አንድ ጎማ ቱቦ፣ ሁለት ባልዲ፣ አለቀ። ልጁ መጀመሪያ የእጁን ጀርባ ቸርኬው ላይ አስጠጋና «ገና ነው ጋሼ፣ ቡና ጠጥተው ይምጡ» አለኝ። እዚያው ወደድኩት። ስመለስ ከቸርኬው ጀመረ፣ አካሉን ለመጨረሻ አቆየው። ለቸርኬው የራሱ ባልዲና ስፖንጅ አለው፤ የጎማ አሸዋ የመኪና ቀለም ይቧጭራላ። በፈሳሽ ሳሙና አንዱን ጎማ ጨርሶ፣ አለቅልቆ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሳሙና እንዲደርቅበት አይፈልግም። የብሎኖቹን ዙሪያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ካደረቀ በኋላ ከውጭ ያመጣሁትን ሰም ስስ አድርጎ ቀባልኝ፤ ብናኙ ቶሎ እንዳይጣበቅ ይረዳል፣ ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። ዥንጉርጉሩን አሳየሁት። «ይሄ በእጥበት አይለቅም፣ ቀለም ቤት ነው» አለኝ እንጂ ልሞክር ብሎ ገንዘቤን አልበላም። ዋጋው ከመጀመሪያው ቤት ግማሽ ነው። ስወጣም «ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ ያድርጉት፣ ውሃ ይዟል» ብሎ ሸኘኝ።

ቅሬታ የለህም ወይ ካላችሁኝ አንድ አለኝ፤ እጣቢው ቦዩን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ጣና ዳር ድረስ መኪና ነድተው የሚያጥቡትን ሳይማ አንጀቴ ነው የሚያረው። እምቦጩ አነሰውና ዘይት ይጨመርለት?

የአጎቴ ልጅ መኪናዋን ሁለቴ ዞራትና «የግራው ፊት ምን ሆነ?» አለ። የቀለም ቤቱን ሒሳብ እኔ ከፍያለሁ።