ቼ በለው፣ ሙላቱ ወይስ ጌታቸው? ለጀማሪ የቱ ይገዛ

እዚህ ደብረ ብርሃን ሸክላና ሲዲ እንደምሰበስብ የሚያውቁ ልጆች ኢትዮ ጃዝ ከየቱ ልጀምር ይሉኛል፣ እኔ የማወዳድርላቸው ሦስት አልበም ነው።

አንድ ብቻ የምትገዛ ከሆነና ሶል ፈንክ ነገር ደስ የሚልህ ከሆነ ሳታመነታ "ቼ በለው"ን ግዛ። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ ያወጡት ነው፣ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን (በዱላ የሚመታ የብረት ቁልፍ ያለው መሣሪያ) ተጫውቶበታል። ስሙ ፈረስ መጋለቢያ አይደል፣ ሙዚቃውም ይጋልባል፣ ቤዙ ከታች ይረግጣል የኃይሉ ኦርጋን ከላይ ይዘፍናል፣ "ሙዚቃዊ ስልት" ተከፍቶ ትከሻው ዝም ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም። ብቻ በስልክ ስፒከር እንዳትሰማው፣ ቤዙ ሙልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ሄድፎን አድርግ። የ1977ቱን ሸክላ ፍለጋ አትድከም፣ በ2014 እ.ኤ.አ እንደገና ታትሟል።

የሙላቱ የራሱ አልበም "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ" ደግሞ ረጋ ያለ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ ኒውዮርክ የተቀዳ፣ የኛ ቅኝት ከጃዝና ከላቲን ምት ጋር። "ኩሉን ማን ኳለሽ" አለበት፣ ሰርግ ላይ ስንቴ ያጨበጨብንለት ዜማ እዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ለብርዱ ማታ ጋቢ ደርቦ ለመስማት እሱን የሚያህል የለም። ግን "የከርሞ ሰው"ን ፈልገህ ከሆነ እዚህ ላይ የለም፣ ኢትዮፒክስ ከሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ተከታታይ 4ኛውን ነው መግዛት ያለብህ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

ሦስተኛው የይፋቱ ልጅ የጌታቸው መኩሪያ የ1972 እ.ኤ.አ የሳክስፎን አልበም፣ በሲዲ ኢትዮፒክስ 14 ላይ ታገኘዋለህ። ለአዲስ አበባ ጀማሪ ከበድ ይላል እላለሁ፣ ዳንስ የለውም፣ ሳክስፎኑ ሽለላ ነው የሚያወርደው። ለኛ አገር ሰው ግን ሌላ ነው። ባለፈው መሐል ሜዳ አጎቴ ቤት ከፈትኩት፣ ጋሼ ጃዝ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፣ ገና መጀመሪያው ላይ ከተደገፈበት ቀና አለና ዱላውን ጨበጥ አድርጎ "ይሄ ሰውዬ እየፎከረ ነው እኮ!" አለኝ። ቃል የለው ግጥም የለው፣ እሱ ግን የቱ ጋ ትንፋሽ እንደሚወስድ የቱ ጋ እንደሚያገሳ ቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ ቤትህ ፉከራ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካለ ያልኩትን ቅደም ተከተል ተወውና ከጌታቸው ጀምር፣ አብራችሁ ስሙት። ሲዲው እዛው ጋሼ ጋ ቀርቷል፣ ለራሴ ሌላ ገዛሁ።