ሪል አይዲ ያስጨረሰችኝን እህት አመስግኑልኝ (ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያና አካባቢው ላላችሁ)

ሰላም ወገኖቼ እንዴት ናችሁ። እኔ ብዙም የምጽፍ ሰው አይደለሁም፣ ግን ይቺን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር እግዜርም አይወደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪል አይዲ ማለት አገር ውስጥ ለመብረር ኤርፖርት የሚቀበሉት ባለ ኮከብ መንጃ ፍቃድ ወይም መታወቂያ ነው። እህቴ ዳላስ ወልዳ፣ የክርስትናው ቀን ታውቆ፣ እኔም ቲኬት ቆርጬ ቁጭ ብያለሁ። ሲቲዝን ከሆንኩ ገና ሁለት ወሬ ነው፣ የመሃላው ቀን ግሪን ካርዴን ተቀብለው ሰርተፍኬት ሰጥተው ሸኙኝ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ገና አላወጣሁም፣ የኢትዮጵያው ደግሞ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እና እጄ ላይ ያለው መንጃ ፍቃዴ ብቻ ነው፣ እሱም ኮከብ የለው፣ ጭራሽ "ፌደራል ሊሚትስ አፕላይ" ይላል፣ ሪል አይዲ አይደለም ማለት ነው። ስንት ዓመት ኡበር ስነዳበት አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም! የሪል አይዲ ህጉ እንደሆነ በ2005 የወጣ ነው፣ ዛሬ ነገ ሲባል ሲራዘም ኖሮ ሜይ 7፣ 2025 ኤርፖርት ላይ ሲጀመር እኔ በግሪን ካርድ እየበረርኩ ስለነበር ጆሮም አልሰጠሁት። አሁንማ ያለ ሪል አይዲ ወይ ያለ ሌላ የሚቀበሉት መታወቂያ ከሄድክ ከፌብሯሪ 2026 ጀምሮ 45 ዶላር ያስከፍላሉ፣ ከፍለህም ማንነትህን ካላረጋገጡ ላያሳልፉህ ይችላሉ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ሰውዬ (ስሙ ይቅር) 150 ዶላር አምጣና የዲኤምቪ አፖይንትመንት ላስይዝልህ አለኝ። ዲኤምቪ ስል መንጃ ፍቃድ የሚሰጠውን መስሪያ ቤት ነው፣ ሰፈራችንን (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያን) አይደለም ሃሃ። አፖይንትመንቱ በነጻ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ጓደኛዬ ነው ተው ብሎ ወደ እሷ የወሰደኝ።

ቢሮዋ ትንሽ ናት፣ ትርጉምና ታክስ ነው የምትሰራው። ወረቀቴን በፌስታል ይዤ ገባሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችውና ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ "ወንድሜ፣ አያትህ ስንት ናቸው?" አለችኝ። እንዴት ስንት ናቸው ስላት ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴንና የዜግነት ሰርተፍኬቱን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። አያቴ ወልደማርያም ነው፣ ሰርተፍኬቱ ላይ አንድ ላይ ተጽፏል፣ ሶሻሉ ላይ ግን ወልደ ለብቻው ሚድል ኔም ሆኖ ላስት ኔሜ ማርያም ነው፣ ላይሰንሴም ያንኑ ይዞ ነው የሄደው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሚስተር ማርያም ሆኜ ኖሬያለሁ በሉኝ። ዲኤምቪ ስምህንና ቁጥርህን በኮምፒውተር ከሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ነው የሚያመሳክረው፣ ካልገጠመ ይመልሱሃል አለችኝ። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ካርዳችሁን አውጥታችሁ እዩ እባካችሁ፣ የኛ ስም አሜሪካ ሲገባ የማይሆነው የለም።

ከሁሉም ያስደነገጠችኝ ግን የፓስፖርቱ ነገር ነው። በማግስቱ ፖስታ ቤት የፓስፖርት ቀጠሮ ነበረኝ፣ እንዲያው ጨዋታ ብዬ ስነግራት ከወንበሯ ብድግ አለች። "እንዳታደርገው! ኦሪጅናል ሰርተፍኬቱን ነው የሚወስዱት፣ እስኪመልሱልህ ዲኤምቪ ምን ይዘህ ልትሄድ ነው?" ኮፒ ደግሞ ዲኤምቪ አይቀበልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በእስክሪብቶ ጻፈችልኝ፣ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ሄደህ ሲቲዝንነትህንም ስምህንም በአንድ ጊዜ አስተካክል (በነጻ ነው)፣ ሁለት ሶስት ቀን ቆይተህ ዲኤምቪ፣ ፓስፖርቱ መጨረሻ። የቤት አድራሻ የሚያሳይ ሁለት ወረቀትም ያስፈልጋል፣ እኔ ሊዝ (የቤት ኪራይ ውል) ይዤ ነበር፣ ሊዙ ግን በባለቤቴ ስም ብቻ ነው፣ እሱን መለሰችልኝና የባንክ ስቴትመንቴን እዛው ፕሪንት አደረገች፣ በስሜ የሚመጣውን የመብራት ቢል ደግሞ የቅርቡን አምጣ አለችኝ። ለዚህ ሁሉ 20 ዶላር! ልጨምርላት ብል ወይ ፍንክች። በኋላ አንድ ኪሎ ቡና ወስጄላታለሁ፣ እሱን አልመለሰችም።

ዲኤምቪ የሄድኩ ቀን መስኮቱ ጋ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀብኝ። ለሪል አይዲው 10 ዶላር ነው የሚጨምሩት፣ እሱም አንዴ ብቻ። ካርዱ እጅ በእጅ አይሰጥም፣ በፖስታ ነው የሚመጣው፣ እስከዛ የምትይዙትን ጊዜያዊ ወረቀት ደግሞ ኤርፖርት አይቀበሉትም፣ እሱንም ቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልተጨነቅኩም። በዘጠነኛው ቀን መጣልኝ፣ ኮከቧ ቀኝ ጥግ ላይ፣ አያቴም አንድ ሰው ሆነው። ክርስትናው ደረስኩ፣ ልጁን ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር ስልክ አታነሳም፣ ቴክስት ነው የምትመልሰው፣ እሱም ማታ ነው። ጥብቅና የሚፈልግ የኢሚግሬሽን ኬስ ካላችሁም አትሰራም፣ ራሷ ሎየር ጋ ሂዱ ትላለች፣ እኔ እንደውም ይሄን ወድጄላታለሁ።

ቁጥሬን እንዳትለጥፈው ስላለችኝ ነው እንጂ እዚሁ እጽፈው ነበር፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ቅዳሜ ግን አትሂዱ፣ ታክስ የሚያሰራው ሰው ወረፋው እስከ በሩ ነው።